ያደረ ነገር የለም?

«እናኑ፣ ሐኪሞቹ አያድሩም እያሉን ነው» አሉኝ እትዬ ዘነቡ በስልክ። የመምህር አንዳርጌ ባለቤት ናቸው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ገደማ ነበር። ከቤቴ እስከ ማርቆስ ሆስፒታል በባጃጅ ቢበዛ ዐሥር ደቂቃ ነው። «ነገ በማለዳ እመጣለሁ» አልኳቸው።

«አያድሩም» የተባለ ሰው ነገ ማለዳ እንደማይገኝ አማርኛ የሰማ ሁሉ ያውቃል። እኔም አላጣሁትም። ነገ ያልኩት ስለማውቅ ነው። ለአራት ዓመት ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ነበረኝና ዐይናቸውን ማየት ፈራሁ። መምህር ሳይነጋ አረፉ።

ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ደብረ ወርቅ የሚወስደው መንገድ ያን ሰሞን ተዘግቶ ስለነበር ቀብራቸው እዚሁ ማርቆስ ሆነ። የምናገለግልበት የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። «በአሉሚኒየም እርጅና ላይ ለረጅም ዓመታት ምርምር አድርገዋል» ሲል ከሬሳው ሳጥን ድምፅ የምሰማ መሰለኝ። ምክንያቱም እርጅና የሚለውን ቃል የሰሙ እንደሆነ መምህር ክፍል ውስጥም፣ ስብሰባ ላይም፣ መንገድ ላይም ቆመው ያርሙ ነበር። ቢሞቱም ማረማቸውን የሚተዉ አይመስለኝም።

እኔ የእሳቸው የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ነበርኩ። አጭር፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ክርኑ የተጣፈ አረንጓዴ ሹራብ ክረምት ከበጋ አይለያቸውም። ልጅ ሳሉ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ገብተው ጥቂት ዓመት ተምረዋል፤ ኋላ ወደ አስኳላ ዞረው የብረታ ብረት ሰው ሆኑ። ተማሪዎቹ በሌሉበት «የኔታ» ይሏቸው ነበር፤ ለሹፈትም ለፍቅርም። ከቅኔ ቤት የተረፋቸው አንድ አመል ቃል መመዘን ነው። ያለ ቦታው የገባ ቃል ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ያስነክሳቸዋል።

አንድ ጊዜ የማስተማሪያ ቃላት ወደ አማርኛ ይመለሱ ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ። ፈረንጆቹ «ኤጂንግ» የሚሉትን፣ ብረት ተነክሮ ከቀዘቀዘ በኋላ እያደር የሚጠነክርበትን ነገር፣ ኮሚቴው «ማስረጀት» ብሎ ተረጎመው። መምህር ተነሡ።

«ያረጀ የደከመ ነው። ይህ ግን እየበረታ ነው። ማሳደር በሉት። ጠላ ስታሳድረው ይበረታል፣ ወጥ ስታሳድረው ይጣፍጣል።»

«ከልክ በላይ ካደረስ፣ መምህር?» አለ አንዱ ሊያስቃቸው።

«እሱማ ይኮመጥጣል። ብረቱም እንዲሁ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ መልሶ ይለሰልሳል» አሉ። ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ለራሳቸው ያህል፣ «ቂም ብቻ ነው ሲያድር ከመጀመሪያውም የማይረባ» ሲሉ ከጎናቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። ኮሚቴው «ማስረጀት»ን አጸደቀ።

ሥራቸውን ላስረዳ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ዘጠኝ እጅ አሉሚኒየምና አንድ እጅ ዚንክ ያቀልጣሉ። ከዚያ ሳንቲም የሚያክሉ ክቦች እንቆርጣለን። ክቦቹን ምድጃ ውስጥ ሰዓታት አቆይተን በረዶ የተጨመረበት ውሃ ውስጥ ድንገት እንጥላቸዋለን። ጭሽ ሲሉ መምህር ሰዓታቸውን ያዩና «አሁን ተወለዱ» ይላሉ። ትኩስ ሳለ ዚንኩ አሉሚኒየሙ ውስጥ፣ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟው፣ ሟምቶ ነበር። ድንገት ሲቀዘቅዝ መውጫ ሳያገኝ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ። ዚንክ ከዚንክ ቀስ እያለ ይፈላለጋል፣ ይጠጋጋል፣ በዐይን የማይታይ እንክብል ይሆናል። መጽሐፍ ይህን እንክብል ዝቃጭ ይለዋል። ለብረቱ ጉልበት የሚሰጠው እሱ ነው።

ተማሪ በዐይኑ አይቶ እንዲገባው በሹራባቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ጤፍና ምስር ይዘው ይዞራሉ። «መጀመሪያ ይሄ» ይሉና አንዲት የጤፍ ፍሬ መዳፋቸው ላይ ያስቀምጣሉ። «ክብ ነው። ሲያድር ሲያድር ያድጋል፤ ሲያድግ ደግሞ ይሄን ይሆናል።» ምስሯን ያወጣሉ። «ይጠፈጠፋል።»

«ለምን ይጠፈጠፋል፣ መምህር?» አለች አንድ ቀን ከቁይ ከተማ የመጣች ተማሪ።

«ቦታ ይጠበዋላ። ትንሽ ስትሆኚ ማንም አይገፋሽም። ስታድጊ ግን አሉሚኒየሙ ይገፋሻል፤ አንቺም ትገፊዋለሽ። ክብነትሽ ያኔ ይቀራል።»

ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፦ ማንም ሳያጣድፈው፣ እንዲሁ በማርቆስ ብርድ ቢተው፣ ጤፉ ምስር የሚሆነው በስንት ዓመት ነው? «ፈረንጆቹ ምድጃ ውስጥ ያጣድፉታል» ይላሉ። «እኛ ያለን ብርድና ጊዜ ነው። ይህን ደግሞ ማንም አይቀማንም።» ስለዚህ ክቦቹን በየዓመታቸው በጥጥ አልብሰው በእንጨት ቁም ሣጥን ያሳድሯቸው ነበር። ዐሥራ ሁለት መሳቢያ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት። ፀሐይ እንዳይመታው ቁም ሣጥኑን ከመስኮት አርቀውታል። «ምድጃ እንዳያያቸው፣ እናኑ» ብለው ደጋግመው አስጠንቅቀውኛል። ጠዋት ወደ ቤተ ሙከራችን፣ ወደ ላቡ፣ ሲገቡ መጀመሪያ ወደ ቁም ሣጥኑ ዞረው «እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ፤ ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል። ከብረት ቀጥዬ ሁለተኛ በመሆኔ እስቅ ነበር።

ሌላው አመላቸው መጻፍ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ መዝገብ አለው፤ ማን ተጠቀመ፣ መቼ፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት። «ያልተጻፈ አልተደረገም» ይሉ ነበር። እጄ ከመዝገብ ጋር እስኪለምድ ድረስ ነዘነዙኝ። ኋላ እኔን ያጋለጠኝ ይኸው እጄ ነው።

የእኛ ላብ የጥንካሬ መለኪያ ብቻ ነበረው። የአልማዝ ጫፉ ብረቱን ይጫንና የተወውን ጠባሳ እንለካለን። ጠባሳው ትንሽ ከሆነ ብረቱ ጠንካራ ነው። ጤፉንና ምስሩን በዐይን ለማየት ግን እኛ አገር በቀላሉ የማይገኝ ትልቅ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። መምህር ለዓመታት ደብዳቤ ጻፉ፣ ለመኑ። በመጨረሻ አንድ የውጭ አገር ቤተ ሙከራ «ዐሥራ ሁለቱን ላኩልን፣ እናያቸዋለን» አላቸው። መስከረም ላይ ሊልኩ ተዘጋጁ። ያን ቀን ኪሳቸው ያለውን ምስር እየቆጠሩ ሲስቁ አይቻቸዋለሁ፤ ጥርሳቸው ያን ያህል የተራራቀ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። መምህር እንደ ልማዳቸው ፍልሰታን ሊጾሙ ደብረ ወርቅ ሄዱ። የቡሄ ማግስት ጠዋት ላቡን ስከፍት ጣራው አፍስሶ ውሃው በቁም ሣጥኑ ውስጥ አልፏል። ጥጡ ረጥቧል፤ አንዳንዱ ክብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጥቷል። በዚያ ዝናብ ከየት ፀሐይ ይመጣል? በየመሳቢያው ያሉትን እንዳይደባለቁ በየሳህናቸው አድርጌ ማድረቂያው ውስጥ ደረደርኳቸው። ቶሎ እንዲደርቁ ብዬ ማዞሪያውን ሁለት መቶ ላይ አደረግሁት። አንድ ሰዓት። ምድጃ ማለት ለእኔ ማቅለጫው ነበር፤ ማድረቂያ ጠርሙስ የሚደርቅበት ሣጥን ነው። እሳቸው «ምድጃ እንዳያያቸው» ሲሉ ይህችን ሣጥን ጭምር መሆኑ ሐሳቤ ውስጥ አልገባም። አውጥቼ አዲስ ጥጥ አለበስኳቸው፤ ካርዶቻቸውን መለስኩ፤ መዝገቡ ላይም ጻፍኩ። ስሜን፣ ዲግሪውን፣ ሰዓቱን። ኮርቼ ነበር።

መምህር ጾሙን ፈተው ተመለሱ። ስለ ጣራው ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ ሮጠው መሳቢያዎቹን ከፈቱ። ሁሉም በቦታው ነው፤ ደረቅና ንጹሕ። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «በምን አደረቅሻቸው?»

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ጊዜ ውስጤ ማድረቂያውን አትጥሪ አለኝ። «በጨርቅ» አልኩ።

ስሕተቱ የቡሄ ማግስት ነው፤ ውሸቱ ግን ይህ ነው። የመጀመሪያው ይቅር ይባል ይሆናል። ሁለተኛውን ዐውቄ መርጬዋለሁ።

ክቦቹ በመስከረም ሄዱ፤ ከየዓመቱ አንድ አንድ። የተረፉት በመሳቢያቸው ቀሩ። መልሱ ጥር ላይ መጣ። መምህር ጠዋት ከእኔ ቀድመው ገብተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ነበር። «ነይ እዪ» አሉኝ። ዐሥራ ሁለት ፎቶ። ዐሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጥቃቅን ክብ እንክብሎች ብቻ። «ጤፍ» አሉ በቀስታ። «ዐሥራ ሁለቱም ጤፍ። አንዲት ምስር የለችም።»

ከፎቶው ሥር በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ጥያቄ ነበር፦ እነዚህ ክቦች በእርግጥ በተለያየ ዓመት የተሠሩ ናቸው? ጨዋነቱን ሲገፉት ትርጉሙ ዋሽተኸናል ነው።

«የቀሩትን ለክቻቸዋለሁ» አሉ መምህር። «ሁሉም ለስላሳ ናቸው። እንደ ተወለዱበት ሰሞን። እንዲህ የሚሆነው ሙቀት ካገኛቸው ብቻ ነው። ትንሽ ሙቀት ይበቃል፤ ያ ሁሉ የተሰበሰበው ዚንክ ተመልሶ ይሟሟል። ዐሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ሰዓት።» ቀና ብለው አዩኝ። «ሙቀት ከየት አገኛቸው ትያለሽ?»

«አላውቅም፣ መምህር» አልኩ።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት የማድረቂያውን መዝገብ ከፍቼ ገጹን ቀደድኩት። ኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ይህን ለራሴ እንደ ምክንያት ነገርኩት። እንጀራ ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንጀራው ሁለተኛ ነበር። ያን «እጅሽ ይባረክ» መልሰው እንዳይወስዱብኝ ነው የፈራሁት።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። የክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤውን አነበበ፤ አንዱ አስተማሪ «መቼም ሁሉንም በአንድ ሳምንት አቅልጠው ዕድሜ ጨምረውላቸው ይሆናል» ብሎ ወሬውን በቀልድ ወረወረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው ቀልድ መሆኑ ቀረ።

«ክቦቹን ከእርስዎ ሌላ የነካ አለ?» አለ ኃላፊው።

ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። መምህር ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ተማሪ ጥያቄ ጠይቀው መልሱን እስኪያገኝ እንደሚጠብቁት ጠበቁ። እኔ አቀርቅሬ የተባለውን ሁሉ መጻፍ ቀጠልኩ። «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲህ» አለ ኃላፊው፣ «ዐሥራ ሁለት ዓመት አሳድረን ያተረፍነው ዝቃጭ ነው ማለት ነው።» አዳራሹ ሳቀ። ዝቃጭ የሚለውን ቃል ያስተማራቸው እሳቸው ናቸው። እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ነው የሳቅሁት፤ ግን ሳቅሁ።

ሊያገኙ የነበረውን ማዕረግ ተከለከሉ። ላቡ ለሌላ ሥራ ተሰጠ፤ ቁም ሣጥኑ፣ መለኪያውና እኛ ሁለታችን መስኮት ወደሌለው የዕቃ ክፍል ተዛወርን። አንዳንድ ተማሪ ኮሪደር ላይ ሲያያቸው «ዕድሜ ይስጥልን» እያለ ይሣለቅ ነበር። እሳቸው «አሜን» ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን የልጁን አንገት ማነቅ ይቃጣኛል፤ ከዚያ መታነቅ ያለበት የማን አንገት እንደሆነ ትዝ ይለኝና መንገዴን እቀጥላለሁ።

የመጣው ሰኔ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፉልኝ መምህር ናቸው። «ጠንቃቃ ናት፤ ያደረገችውን ትጽፋለች» ይላል። ስንት ጊዜ አነበብኩት። ምስጋና ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ ደግሞም ሰው ምስጋና ሲሰጠው አይመረምርም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ቁም ሣጥኑን ሰላም ማለት ተዉ። ለእኔ ግን ሰላምታው ረዘመ።

«እንዴት አደርሽ፣ እናኑ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«ይመስገን። ያደረ ነገር የለም?»

«የለም፣ መምህር።»

ያደረ ሥራ ማለታቸው ነው ብዬ ነበር። ትናንት ያልተጨረሰ ነገር። እንዲያ ብዬ ማመን ስለሚቀለኝ አመንኩ። አራት ዓመት ሙሉ፣ ከእሑድና ከበዓል በቀር፣ በየማለዳው ጠየቁኝ፤ እኔም በየማለዳው የለም አልኩ። መጀመሪያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው፤ «ማድረቂያው ውስጥ አድርጌያቸው ነበር» ማለት። ኋላ የቀደድኩት ገጽ ተጨመረበት፣ የሳቅሁት ሳቅ ተጨመረበት፣ ቋሚነቴ ተጨመረበት። ያ ትንሽ ክብ ነገር ጎኔ ውስጥ እያደገ፣ እየተጠፈጠፈ፣ ጠርዝ አወጣ። በጉሮሮዬ የሚወጣ አልሆን አለ።

ጡረታ ከወጡም በኋላ በየማለዳው ይመጡ ነበር። የስኳር ሕመም እግራቸውን ይዞት በከዘራ መሄድ ጀመሩ። መለኪያው ጋ ትንሽ ተቀምጠው፣ እኔ ሻይ ላመጣ ስወጣ የሆነ ነገር ለክተው፣ ሲጨልም ሳይሆን ገና በጊዜ ይሄዳሉ። የሽማግሌ ነገር ነው እል ነበር፤ ሥራ መተው ያቃተው።

ከቀብሩ በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊው የዕቃ ክፍሉ ይጸዳ አለ። «ያን የዝቃጭ ቁም ሣጥንም አስወጪው» አለኝ። የመጀመሪያውን መሳቢያ ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳብኩት።

ጥጡ አዲስ ነው። በካርዱ ላይ ያለው የቆየ ዓመት በቀጭን መሥመር ተሰርዟል። ከሥሩ በእጃቸው ጽሕፈት፦ «የቡሄ ማግስት። ማድረቂያ። ሁለት መቶ ዲግሪ። አንድ ሰዓት። እንደ አዲስ ተወለዱ።»

ሁለተኛውን ሳብኩ። ሦስተኛውን። ዐሥራ ሁለቱም እንዲሁ ነው። ከመጨረሻዋ ሐረግ በቀር ቃል በቃል እኔ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ነው፤ በቀደድኩት ገጽ ላይ የነበረው። ፎቶዎቹ የመጡ ጠዋት ከእኔ ቀድመው ሲገቡ አንብበውታል። እንግዲህ «ሙቀት ከየት አገኛቸው ትያለሽ?» ሲሉኝ መልሱን ያውቁ ነበር። ስብሰባው ላይ ሲጠብቁኝም ያውቁ ነበር። አፋቸውን ቢከፍቱ ስማቸው ይጸዳል፤ አልከፈቱትም። በካርዱ ላይ ከዚያ ቀን ወዲህ በየዓመቱ የተለካው ጥንካሬ ተደርድሯል፤ አራት መሥመር። በስድሳ ስንት ዓመታቸው፣ በከዘራ እየመጡ፣ ከአንድ ጀምረው እንደገና ይቆጥሩ ነበር።

የመጨረሻው መሳቢያ ውስጥ እንደ መዝገቡ አድርገው ያሰመሩት አንድ ወረቀት አለ። ቀን፣ መሣሪያ፣ ዲግሪ፣ ሰዓት፤ ሁሉም ተሞልቷል። «የሠራው ሰው ስም» የሚለው ብቻ ባዶ ነው። ጠርዙ ላይ በእርሳስ፣ ደብዘዝ ባለ ጽሕፈት፣ «ራሷ ትሙላው» ይላል።

ደግነት ነው ወይስ ቅጣት? እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አንዳንድ ቀን እቆጣቸዋለሁ። ጮኸው ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ፣ ይህን ሁሉ ባልተሸከምኩ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው በሩን ከፈቱልኝ፤ መግባት ያልፈለግሁት እኔ ነኝ። ለሰው ይህን ያህል ጊዜ መስጠትም ጭካኔ አለው።

ኃላፊው በበሩ ብቅ አለ። «ጨረስሽ? ያደረ ነገር የለም?» አለ። እሱ እንኳ የጠየቀው ስለ ዕቃው ነው።

አፌ እንደለመደው «የለም» አለ።

ክቦቹን በዘንቢል ይዤ ወደ ቤቴ መጣሁ፤ ቁም ሣጥኑን ወሰዱት። ዛሬ ይህን ስጽፍ ወረቀቱ ፊቴ ነው። ስሜን ከነአባቴ ስም በባዶው ቦታ ላይ ጻፍኩ። ያልተጻፈ አልተደረገም ይሉ የለ? እነሆ ተጻፈ። ሊያነቡት አራት ዓመት የጠበቁት ሰው ግን አላደሩም።